ለራሴ የገዛኋቸው ዶሮዎች

ዶሮ አርባ ብሎ የሚመክራችሁ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ምክሩን ከመስማታችሁ በፊት ከአባቱ ጋር የመሬት ክርክር እንዳልነበራችሁ አጣሩ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ዶሮ ትጭራለች፣ ትለቅማለች፣ ትጥላለች፣ ታቅፋለች፤ የባለቤቷ ሥራ ቁጭ ብሎ ማየት ነው ይላሉ። ችግሩ እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይሄን ልጅ ያረገዝኩት ሩጫ ላይ ሆኜ ነው» ትል ነበር። ወንበር ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ይዘላል፤ ቅዳሴ ላይ ስቆም እግሬን እያቀያየርኩ ጎረቤቴን አስቀይማለሁ፤ ሰው ተረት ሲነግረኝ መጨረሻውን ቀድሜ ጠይቄ አበላሽበታለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ንብ ቢያነብ ይሻለው ነበር። ንብ ቢያንስ ነድፋ ታስተኛዋለች።

ያን ጊዜ መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ አስፕሪን የሚሰጥ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ደግሞ «ደብረ ብርሃን ውሰዱት» የሚል ሰው ነው። ሰዉ ግን «ሐኪም» ይለኛል፤ እኔም አልከለከልኩም። የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ስለሆንኩ የመንዝ ብርድ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከኮቴ ላይ በርኖስ፣ ከበርኖሱ ላይ የበግ ጠጉር ባና ደርቤ ስወጣ፣ «ሐኪሙ ቀርቶ አልጋው መጣ» ይሉኝ ነበር።

ገበያ በዋለ ቁጥር ክሊኒኩ ደጅ ድንጋይ ላይ ወጥቼ እሰብካለሁ። ያገሩ ሰው ሲታመም አዋቂ ዘንድ ይሄዳል፤ አዋቂው የዶሮዋን መልክ ያዝለታል። ለአንዱ ቀይ፣ ለአንዱ ገብስማ፣ ለአንዱ ጥቁር። የታዘዘችው ዶሮ በበሽተኛው ራስ ላይ ትዞርና ወስደው መንገድ ላይ ይጥሏታል፤ በሽታው አብሯት ሄደ ማለት ነው። እኔ ታዲያ ድንጋዬ ላይ ሆኜ እጮኻለሁ፤ «ወገኖቼ! ዶሮ ማዞር ዶሮዋን ራሷን ያዞራት ይሆናል እንጂ በሽታ አያድንም!» ሰዉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ በአክብሮት ይሰማኝና ቀጥ ብሎ ወደ ዶሮ ተራ ይሄዳል።

ጣጣዬ የጀመረው ግን ከዶሮ አይደለም፤ ከደብሪቱ ነው። ደብሪቱ የመምሬ ጥበቡ ልጅ ናት። መምሬ ጥበቡ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ሁለት ነገር አጥብቀው ይጠላሉ፤ ጥንቆላንና የሰው አፍ ውስጥ መግባትን። አንድ ቀን ደብሪቱ እናቷን እመት አስካለን ዓይናቸውን ልታሳክም ይዛቸው መጣች። እኔ የዓይን ጠብታ ይዤ ጎንበስ አልኩ፤ የገዛ ዓይኔ ግን ልጅቱ ላይ ነበርና ጠብታውን ጆሯቸው ውስጥ ጨመርኩት። «ልጄ፣ ዓይኔ እዚህ ጋ ነው» አሉኝ እመት አስካለ። ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። አለቀልኝ! ከዚያ ወዲያ መቀመጥ ቀርቶ መቆምም አቃተኝ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ጋሽ ደምሴ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ለምኛቸው፣ እኩዮቻቸውን አስከትለው ልጅቱን ሊጠይቁልኝ ሄዱ። እስኪመለሱ ግቢውን ስዞር ዋልኩ፤ ሣሩ ሞተ። በሩ ሲንኳኳ ዘልዬ ደረስኩ።

«እሺ አሉ?»

«እስኪ አረፍ ልበል።»

«ይረፉ፤ እሺ አሉ?»

«መምሬስ እምቢ አላሉም። ጥምቀት ይለፍና እናያለን ነው ያሉት። እመት አስካለ ናቸው ያስቸገሩን። ‹ዶሮ በማይጮኽበት ቤት ልጄን አላስገባም› አሉ።»

«ዶሮ? ዶሮ ብቻ?»

«ኧረ ምሳሌ ነው ልጄ! ቤት የለው፣ ከብት የለው፣ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ አገር የሚዛወር ደመወዝተኛ ነው ማለታቸው ነው እንጂ...»

«ምሳሌም ይሁን ተረት፣ ከመጪው ገበያ ወዲያ በዚህ ቤት ዶሮ ይጮኻል!»

ጋሽ ደምሴ ገና «ተው፣ ቀስ በል» እያሉ ነው፤ እኔ ለቆጥ የሚሆን እንጨት እየመረጥኩ ነው።

በመንዝ ዶሮ የሴት ሀብት ናት። ወንድ ልጅ ሙክት ተሸክሞ ቢያልፍ ያምርበታል፤ ዶሮ በብብቱ ይዞ ከታየ ግን ሚስቱ ሞታበት ነው ይሉታል። ይህን አውቃለሁ፤ ግድ አልሰጠኝም። በዚያ ላይ የገና ጾም ገብቷል። በጾም ዶሮ የሚበላ የለምና ዋጋዋ ይወድቃል፤ ብልህ ሰው የሚገዛው ያኔ ነው አልኩ። ሌላው ብልህ ሁሉ ያኔ ለምን እንደማይገዛ ማሰብ ነበረብኝ። ማሰብ ደግሞ መቀመጥ ይፈልጋል።

አንድ ሌላም ብልሃት አስቤ ነበር። የጋሽ ደምሴ ሚስት ግቢው ውስጥ ዶሮዎች አሏቸው፤ ሁሉም ቀላ ቀላ ያሉ። የኔ ከነሱ ጋር ቢቀላቀሉ «ያንቺ ናት፣ የኔ ናት» ጠብ ይመጣል። ደግሞም የትኛዋ እንደጣለች የትኛዋ እንደሰነፈች መለየት አለብኝ። ስለዚህ እያንዳንዷ የየራሷ መልክ ያላት፣ ከሩቅ የምትለይ እንድትሆን ወሰንኩ። ዶሮ ተራ ገብቼ ከአንዲት አሮጊት ፊት ቆምኩ።

«እናቴ፣ ጥቁር ዶሮ አለዎት?»

«ይቻት።»

«ክንፏ ላይ ነጭ አለባት። እኔ የምፈልገው አንድም ነጭ ላባ የሌለባት፣ ድፍን ጥቁር ነው።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ። ጫማዬን አዩ፣ ባናዬን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ድፍን ጥቁር?»

«ድፍን ጥቁር። ከዚያ ድፍን ነጭ። አንድ ገብስማም እፈልጋለሁ። አውራው ደግሞ ቀይ ይሁን።»

«በጾም?»

«በጾም ይረክሳል ብዬ ነዋ!»

አሮጊቷ አማተቡ። እኔ ስለ ዋጋ ነበር የማወራው።

«ለማን ነው የኔ ልጅ?»

«ለራሴ ነው።»

«እግዚኦ! ለራስህ?»

«ለራሴ ነዋ፣ ለማን ይሆናል?»

«ቆየብህ?»

ዶሮ ለማርባት ካሰብኩ እንደቆየ የጠየቁኝ መሰለኝ። ልቤ ደግሞ ደብሪቱ ዘንድ ነው። «ቆይቶብኛል እናቴ። ሰሞኑን ደግሞ ብሶብኝ እንቅልፍ አሳጥቶኛል» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩኝም። ጥቁሯን ከጎረቤታቸው፣ ነጯን ከወዲያኛዋ ሴት አሰባስበው አመጡልኝ፤ ዶሮዎቹን ግን በእጄ አልሰጡኝም፤ መሬት አስቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «እግዜር ይማርህ» አሉኝ። ሰው ከገበያ ገዝቶ ሲሄድ «ይባረክልህ» ነው የሚባለው፤ በመንዝ «ይማርህ» ይባል ይሆናል ብዬ «አሜን» አልኩና ሄድኩ። ስሄድ ተራው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ወንድ ልጅ ዶሮ ስለገዛ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ዶሮ ማርባት ገና ያኔ ጀመረ። በመንዝ ውርጭ ዶሮ ደጅ ካደረች ጠዋት ድንጋይ ናት፤ ስለዚህ ከሰው ጋር ቤት ታድራለች። እኔ ያለኝ አንድ ክፍል ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሙቀት ያለበት ቦታ ደግሞ ከአልጋዬ በላይ ነው። ቆጡን እዚያ ሠራሁት። ከቆጥ ስር የሚተኛ ሰው ምን እንደሚደርስበት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ አትጠይቁኝ። ባናዬ መልኩን ለወጠ። አውራው ደግሞ ገና ሳይነጋ ጆሮዬ ላይ ይለቀዋል። ሌላው ሰው ቢሆን ይረግመዋል። እኔ በደስታ ተነስቼ በሩን እከፍትለታለሁ፤ ድምፁ ተሻግሮ እመት አስካለ ቤት እንዲደርስ።

ዶሮዎቹ ግን አይጥሉም። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። ጥቁሯን አነሳና ከስሯ አያለሁ፤ አስቀምጣትና ነጯን አነሳለሁ፤ ገብስማዋን ጎጆዋ ድረስ ተከትያት ገብቼ ዓይን ዓይኗን አያታለሁ። የማንም ሴት ልጅ እንዲህ እየታየች አትወልድም። ጋሽ ደምሴ ታዝበው ታዝበው፣ «ልጄ፣ አንተ ዶሮ አርቢ ነህ ወይስ ዘበኛ?» አሉኝ።

አንድ ጠዋት ጥቁሯን ከቆጥ ላወርድ እጄን ስዘረጋ ደንግጣ በረረች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ መሄጃ ስታጣ በራሴ ዙሪያ ትሽከረከር ጀመር። እኔም ልይዛት እጄን ከፍ አድርጌ አብሬያት እዞራለሁ፤ «ነይ፣ ነይ እንጂ፣ ውረጅ!» እላለሁ። ቀና ስል ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይቅርታ ልጄ» አሉ። «አልሰማሁም፣ አላየሁም። ጨርስ፤ ቆይቼ እመለሳለሁ።» በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉልኝ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? የሞላሌ ሰው ግን ሲሉ ሰምቶ አይሞትም፤ ሲሉ ሰምቶ ይሰለፋል። በማግስቱ የራስ ምታት ያለበት አንድ ገበሬ መጣ። አስፕሪን ሰጠሁት። እንክብሉን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየውና ጠረጴዛዬ ላይ መለሰው።

«ይሄን ለኔ?»

«ላንተ ነዋ።»

«ለኛ አስፕሪን፣ ለራስህ ዶሮ! ለምን? እኛስ ራስ የለንም?»

ምን እንዳለ አልገባኝም። የደጋ ሰው ብርድ አእምሮውን ነክቶት ነው አልኩ። ከኋላው አንዲት ሴት ቀይ ዶሮ ታቅፋ ቆማለች። «ዶሮ አይደለም የሚያድን! ስንት ጊዜ ልስበክ?» ብዬ ጮህኩባት። ሴትየዋ ቅር አላላትም። «ገባኝ፤ ቀይ አይደለችማ» አለችና ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ነጭ ይዛ ተመለሰች። አባረርኳት። ነጯን በሩ ላይ አስራልኝ ሄደች።

እሷ መንገዱን ከፈተችው። ጠዋት ክሊኒኩን ስከፍት ደጁ ላይ የታሰረ ዶሮ አገኛለሁ፤ ቀይ አለ፣ ግራጫ አለ፣ አንገተ መላጣ አለ። ፈትቼ ብለቃቸው የሚወስዳቸው የለም። ለበሽታ የተተወችን ዶሮ የነካ በሽታውን ይወርሳል ይባላላ! ስለዚህ እንደ ባለሥልጣን በሞላሌ መንገድ መሐል ይጎማለላሉ፤ ባለ በቅሎው ዞሮ ያልፋል። ሲመሽ ብርዱን ሸሽተው የሚያውቁት ቤት ይመጣሉ፤ የኔ ቤት። ዶሮ ለማርባት የሚጨነቅ ሰው ካለ እንዲህ ነው የሚረባው። እኔ ግን መተኛ አጣሁ።

ቀጥሎ የመጡት አያ ጎሹ ናቸው። አያ ጎሹ ያገሩ አዋቂ ናቸው፤ ለስንቱ መልክ ያዘዙ፣ እኔም ድንጋዬ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ የሰደብኳቸው ሰው። ገብተው የበሽተኛ ወንበር ላይ ተቀመጡና ድንበር ገፍቼ እርሻቸው ውስጥ የገባሁባቸው ያህል አዘኑብኝ።

«ልጄ፣ እኔ አልቀየምም። እንጀራ ተካፍሎ ነው። ግን ባለሙያ ከሆንክ እንደ ባለሙያ ሥራ። ጥቁርና ነጭ ባንድ ቆጥ አይሰቀልም።»

«አያ ጎሹ፣ እኔ እኮ...»

«ስማኝ። ራስ ላንተ ይሁን፤ ሆድ ለኔ ተውልኝ። መካን ሴት ከመጣች ተጠያይቀን ነው። እግዜር ያሳይህ፤ እስከ ዛሬ የምትሰድበኝ ገበያዬን ልትወስድ መሆኑን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ...» ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲወጡም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ወንድም እንዳገኙ።

ነገሩ የገባኝ ሲመስለኝ አይገባኝም፤ ብቻ የሆነ እሳት እንደተያያዘ አውቄአለሁ። እሑድ መምሬ ጥበቡ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው አስተማሩ። ስም አልጠሩም። «ባንድ እጁ መርፌ፣ ባንድ እጁ ዶሮ ይዞ ሕዝብ የሚያስት አለ» አሉ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መርፌ ያለው ሰው እዚያ አገር እኔ ብቻ ነኝ። ዓይኔ ሴቶች የቆሙበት ሄደ፤ ደብሪቱ አንገቷን ደፍታለች። ያኔ እውነተኛ ፍርሃት ያዘኝ። ዶሮው፣ ሰልፉ፣ ሥራው ይቅር፤ ይቺን ልጅ ላጣት ነው።

ጋሽ ደምሴን ይዤ መምሬ ቤት ሄድኩ። መንገድ ሙሉ ንግግሬን አጠናሁ። አንድ ነገር ብቻ ወሰንኩ፤ እመት አስካለ ስለ ዶሮ ያሉትን አላነሳም። ሰውየው ፊት ሚስታቸውን ከሳሽ መምሰል አልፈለግኩም። መምሬ አስቀመጡን፤ እኔ ወዲያው ተነሳሁ፤ እንደገና አስቀመጡኝ።

«አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቅህ» አሉ። «ዶሮዎቹን ለምን ገዛህ?»

«ለራሴ ነው አባቴ! በእውነት ለማንም አይደለም፤ ለራሴ ነው የገዛሁት!»

መምሬ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። «ይኸው። በገዛ አፉ።»

«ኧረ ለራሴ ማለቴ... ለገዛ ራሴ!»

«ደገመው።»

«ራሴን አያመኝም እኮ!»

«ታዲያ ለማን ራስ ነው?»

ያኔ ገባኝ። አሮጊቷ፣ «ይማርህ»፣ «ቆየብህ?»፣ አስፕሪኑ፣ «እኛስ ራስ የለንም?» ሁሉም ባንዴ ገባኝ። እኔ ለራሴ ስል፣ አገሩ ለራሴ እያለ ነበር! ሳቅ አመለጠኝ። ልይዘው አፌን ስይዝ በአፍንጫዬ ወጣ፤ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዬ ይወርዳል። ቄስ ፊት ብቻውን የሚስቅ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። «መጣበት!» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ወንበራቸውን ከኔ ራቅ እያደረጉ። ከጓዳ ግን ሌላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ፤ የሴት ልጅ ሳቅ። በዚያ አገር ነገሩ የገባት ሁለተኛ ሰው መኖሯን ያኔ አወቅኩ።

ትንፋሼን ሰብስቤ አስረዳሁ። ራስና ራስ፣ መርከስና መርከስ፣ መልክና መልክ። መምሬ ጢማቸውን ይዘው ሰሙኝ። ሲስቁ ታይተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለትም አልሳቁም።

«ደግ» አሉ። «እንዳልከው ጤነኛ ዶሮዎች ከሆኑ ጠበል አይፈሩም። እሑድ ይዘሃቸው ና፤ ሕዝቡ ባለበት ይረጩ። ሕዝቡ ይመን፤ እኔም ልመን።»

እሑድ ጠዋት የራሴን ዶሮዎች በቅርጫት አድርጌ ጠበሉ ዳር ደረስኩ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። የማላውቀው ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ከጓሳ በኩል እንኳ የመጣ አለ አሉ። መምሬ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ መጀመሪያ ነጯን ረጩ። ላባዋን ነፋች፣ ዝም አለች። ገብስማዋን ረጩ፤ ዝም። እኔ እፎይ ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ቀዩን አውራ ረጩት። የመንዝ ጠበል በታኅሣሥ ጠዋት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የምታውቁ አትፈርዱበትም፤ እኔም ብሆን እጮህ ነበር። አንገቱን መዘዘና ባለ በሌለ ድምፁ ለቀቀው።

«ጮኸ! ጮኸ!» ሕዝቡ ተናጠ። አንዷ እልል አለች። አንድ ጎረምሳ መስቀሉን ከአንገቱ አውጥቶ ወደ ዶሮው ተጠጋ፤ «ማን ነህ? ከየት ያዝከው? ተናገር!» አለው። ዶሮው እንደገና ጮኸ። «ከገበያ ነው የያዝኩት አለ!» ብሎ አንዱ ተረጎመለት። ተርጓሚው እውነቱን ነው፤ ከገበያ ነበር።

«ዝም በሉ!» ብለው መምሬ ተቆጡና ጠበሉን በሰፊው ለቀቁት። የመጨረሻው ውሃ ጥቁሯ ላይ አረፈ። ተነሳች። ዶሮ ሩቅ አትበርም ትሉኝ ይሆናል፤ እሷ በረረች። እንደ ልማዷ መሄጃ ስታጣ ከፍ ብሎ በቆመው ሰው ራስ ዙሪያ ተሽከረከረች፤ ከፍ ብለው የቆሙት ደግሞ መምሬ ናቸው። ዞረች፣ ዞረች፣ ጥምጣማቸው ላይ ልታርፍ ሞከረች፣ ከነጥምጣሙ ወረደች።

መምሬ ጥምጣማቸውን ከመሬት አንስተው አራገፉ። እኔን ሳያዩ ለጋሽ ደምሴ ብቻ ነገሯቸው፤ «ልጄን ለዚህ ሰው አልሰጥም። ዳግመኛ በደጄ ስለ እሱ የሚመጣ ሽማግሌ እንዳላይ።»

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ወንድ ልጅ በዶሮ ምክንያት አለቀሰ ትሉኝ ይሆናል፤ በሉኝ። ያቺን ልጅ ወድጃት ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትስቅ፣ ጓዳ ሆና ስትስቅ፣ ሌላ ሰው ያልገባው የኔ ነገር ገብቷት ነበር። አዛውሩኝ ብዬ አለቆቼን ለመለመን አሰብኩ፤ ወደ ቆላ፣ ወደ ሙቀት፣ ዶሮ ደጅ ወደሚያድርበት አገር። አውራው ከቆጡ ላይ ሆኖ ጮኸ። «አንተ ደግሞ ዝም በል፤ አሁን ለማን ትጮኻለህ?» አልኩት።

ይህ አልበቃ ብሎ በማግስቱ መምሬ ጥበቡን ራስ ምታቱ ለቀቃቸው ተብሎ ተወራ። ራስ ምታት እንደነበረባቸው እሳቸውም አያውቁም ነበር። ገና ሊደርስ ሲል በዋለው ገበያ ክሊኒኩ ደጅ ያለው ሰልፍ እስከ በግ ተራ ደረሰ። ሁሉም ዶሮ ታቅፏል። እኔ ድንጋዬ ላይ ወጥቼ «አላውቅም! አላይም! አላዝም!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ ሰዉም «ትሕትናው!» ይላል። ጋሽ ደምሴ ሕዝቡን ሊበትኑልኝ መጥተው ራሳቸው መሐሉ ተቀርቅረዋል።

አንዱን ሳባርር፣ አንዷን ሳስፈታ፣ ቀና ብል ከፊቴ ደብሪቱ ቆማለች። በሰልፉ ተራዋን ጠብቃ ነው የመጣችው። በነጠላዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቄብ ዶሮ አቅፋለች። ሰዉ አወቃት፤ «የመምሬ ልጅ! የመምሬ ልጅ!» የሚለው ሹክሹክታ ወደ ኋላ ሄደ። አንዱ እግሩን አንስቶ ወደ መምሬ ሲሮጥ አየሁ።

«ምን... ምን አመመሽ?» አልኳት።

«እኔስ ደህና ነኝ» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «የታመሙት አባቴ ናቸው።»

«ምን ሆኑ?»

«እምቢታ ያዛቸው። ለእምቢታ ምን መልክ ዶሮ ይታዘዛል ብዬ ነው።»

ከፊቷ ላይ ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬም፣ ጉልበቴም፣ እጄም ባሉበት ቆሙ። መምሬ ጥበቡ ሰዉን በመቋሚያቸው እየከፈቱ ሲመጡ ከትከሻዋ በላይ ይታዩኛል፤ ልጃቸው በገበያ ቀን፣ በሕዝብ ፊት የተናገረችውን እንደሰሙ ከፊታቸው አየሁ። ከዚህ በኋላ ለእሷ ወይ ትዳር ነው ወይ የሰው መሳቂያ መሆን ነው። እኔ ዝም ካልኩ ብቻዋን ቀረች። ፈራሁ፤ ግን አላቆየኋትም።

«ለእምቢታ ዶሮ አይሆንም» አልኩ። «ለእምቢታ የሚታዘዘው በቅሎ ነው።»

በቅሎ ሁለት ዓይነት ናት፤ ሽማግሌ አስማምቶ ሙሽራ የምታመጣ አለች፣ ሌሊት ተነስታ ልጅ ይዛ የምትኮበልል አለች። የትኛዋን እንዳዘዝኩ ያን ጊዜ እኔም አላውቅም። ሰዉ ግን ሁለቱንም ያውቃልና ሁሉም ወደ መምሬ ዞረ።

መምሬ መቋሚያቸውን መሬት ተክለው ቆሙ። ልጃቸውን አዩ፤ አንገቷን አልደፋችም። እኔን አዩ። ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለይ አለኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መልኳስ?» አሉ።

«የምን... የምኗ አባቴ?»

«የበቅሎዋ መልክ ነዋ! ታዛለህ እንጂ መልኳን አትናገርም?»

ጋሽ ደምሴ ከሕዝቡ መሐል «ዳማ በል! ዳማ በል! የኔ ዳማ ናት!» እያሉ ሲጮኹ ሰማሁ።

«ዳማ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

መምሬ በእሺታ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ደብሪቱ በዳማ በቅሎ መጣች።